ለእርሻ ሠራተኛ የሚወጣ የደመወዝ ወለል በምን ይሰፈራል?

ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ማለት አሠሪና ሠራተኛ ተስማምተው እንኳ ቢሆን ከእሱ በታች ሊዋዋሉ የማይችሉበት፣ በሕግ የተቆረጠ የክፍያ መጠን ነው። ከወለሉ በላይ ያለው ለድርድር ክፍት ነው፤ ከወለሉ በታች ግን ሠራተኛው «እሺ ብዬ ነው የገባሁት» ቢል እንኳ አሠሪው ከተጠያቂነት አይድንም። ጉዳዩ በአገራችን ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰበው የኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኛ ነው። ጎጃም ውስጥ ግን ጉልበቱን ሸጦ የሚያድረው ሰው በብዛት የሚገኘው እርሻ ላይ ነው፤ በሐምሌ የሰው በቆሎና ጤፍ ሲያርም የሚውለው፣ በኅዳር ማጭዱን ይዞ ወደ ደጀንና ወደ ቢቸና ሜዳ የሚወርደው፣ በበጋ በቆጋ መስኖ ሽንኩርትና ድንች ሲነቅል የሚከርመው፣ ብርና አየሁ በሚባሉት ሰፋፊ እርሻዎች የሚቀጠረው፣ መስከረም ሲጠባ ደግሞ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ቆላ የሚሻገረው ሁሉ የዚህ ጉዳይ ባለቤት ነው። ለእነዚህ ሰዎች ወለል ይውጣ ቢባል ቁጥሩን ከመጥራት ይልቅ የሚከብደው፣ ቁጥሩ በቀን፣ በሰዓት፣ በወር ወይስ በማሳ ይሰፈር የሚለው ነው።

በመጀመሪያ ሕጉ ያለበትን ሁኔታ እንመልከት። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የመንግሥት፣ የአሠሪዎችና የሠራተኞች ተወካዮች ከሌሎች ባለድርሻዎች ጋር የሚቀመጡበት የደመወዝ ቦርድ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንዲቋቋም ይደነግጋል። ቦርዱ የአገሪቱን የኢኮኖሚ ዕድገትና የሥራ ገበያውን ሁኔታ በጥናት እየተመለከተ ዝቅተኛውን ደመወዝ በየጊዜው እንዲከልስ ነው የታሰበው። አዋጁ ከወጣ ዓመታት አልፈዋል፤ ወለሉ ግን ገና አልወጣም፤ የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽንም ጥያቄውን ደጋግሞ ሲያነሣ ቆይቷል። የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ በ2017 ዓ.ም. ከ1,500 ወደ 4,760 ብር፣ ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ወደ 6,000 ብር ከፍ ማለቱን ብዙ ሰው እንደ አገር ወለል ይቆጥረዋል፤ ነገር ግን ይህ መንግሥት እንደ አሠሪ ለራሱ ሠራተኞች የወሰነው መነሻ ነው እንጂ የግል እርሻ ባለቤትን የሚያስገድድ አይደለም።

ይሁንና ይህ 6,000 ብር ለስሌት ይጠቅመናል። እንበልና ቦርዱ ይህንኑ መጠን ለእርሻ ሠራተኛም የወር ወለል አድርጎ ወሰደው። ፋብሪካ በወር 26 ቀን እንደሚሠራ ተቆጥሮ ቢካፈል የቀኑ ድርሻ 231 ብር ገደማ ይሆናል። የጎጃም ገበሬ ግን በወር 26 ቀን ማሳ አይገባም። እሑድ አለ፤ ብዙዎች ቅዳሜንም ያከብራሉ፤ ከዚያ በላይ በወር በወር የሚመላለሱት በዓላት አሉ፦ በ5 አቦ፣ በ7 ሥላሴ፣ በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ27 መድኃኔዓለም፣ በ29 በዓለ እግዚአብሔር። የትኛው በጥብቅ እንደሚከበር እንደየአጥቢያው ታቦት ይለያያል እንጂ፣ በበዓል ቀን ሞፈር ያነሣ ሰው በአካባቢው በረዶ ሲወርድ እንደሚወቀስ ማንም ያውቃል። ቀጣሪው በማይሠራበት ቀን ተቀጣሪውም ሥራ የለውም። ስለዚህ በወር 20 የሥራ ቀን ቢገኝ ያው 6,000 ብር ለቀን 300 ብር ይመጣል። ይህም ዓመቱን ሙሉ ሥራ ካለ ነው። ሥራ የሚገኘው በአረምና በአጨዳ ወራት፣ በድምሩ ስምንት ወር ብቻ ነው ብንል፣ የዓመቱ 72,000 ብር ለ160 ቀን ተካፍሎ የቀኑ ወለል 450 ብር ይሆናል። 231፣ 300 እና 450 አንድ ዓይነት ኑሮ የሚያስኖሩ ሦስት ቁጥሮች ናቸው፤ ልዩነታቸውን ያመጣው ሠራተኛው ስንት ቀን ሥራ ያገኛል ብለን እንደገመትን ብቻ ነው። የፋብሪካን የወር ወለል ለ26 አካፍሎ ለእርሻ የሚሰጥ ቦርድ ገና ከጅምሩ የእርሻ ሠራተኛውን ዝቅ አድርጎታል ማለት ነው።

«ቀን» ራሱም የተወሰነ ነገር አይደለም። አዋጁ የመደበኛውን ሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ላይ ያቆመዋል፤ ከዚያ ያለፈው ትርፍ ሰዓት ሆኖ በቀን ክፍለ ጊዜ የሰዓቱ ክፍያ በ1.5 ተባዝቶ ይከፈላል፤ በትርፍ ሰዓት ማሠራት የሚቻለውም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ሳይበልጥ ነው። በአጨዳ ወቅት ግን ቀን ማለት ፀሐይ ከወጣች እስክትጠልቅ ነው፤ የምሳው ዕረፍት ተቀንሶ እንኳ አሥር ሰዓት ያህል ይሆናል። ወለሉ «በቀን ይህን ያህል» ብቻ ብሎ ከወጣ፣ ገንዘቡ ሳይነካ ቀኑ ይለጠጣል። በሰዓት ቢወጣ ደግሞ ሰዓት የሚመዘግብ ሰው በሌለበት ማሳ ላይ ክርክሩ ማለቂያ አይኖረውም። እንደ እኔ እንደ እኔ የሚሻለው የቀኑን ክፍያ ከስምንት ሰዓት ጋር አስሮ፣ የሥራ መግቢያና መውጫውን ገበሬው በሚያውቀው አነጋገር ጭምር መጻፍ ነው።

የዝናብ ቀንም ሌላ ጥያቄ ነው። ሠራተኛው ከማሳው ደርሶ ዶፍ ቢመጣና ሥራው ቢቀር ማን ይክሰር? አዋጁ ሠራተኛው ለመሥራት ዝግጁ ሆኖ ሳለ በእሱ ባልሆነ ምክንያት ሥራው ከተቋረጠ ደመወዙን የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። ድንጋጌው እንደ ተጻፈ ቢነበብ ዝናብም የሠራተኛው ጥፋት አይደለም፤ በልማዱ ግን ያ ቀን ያለ ክፍያ ይታለፋል።

የወለልን ጥቅም በትክክል ለመረዳት የዓመቱን ዑደት ማየት ያስፈልጋል። በኅዳር ጤፍ ሲደርስ ጊዜ የለም፤ ያለ ወቅቱ ዝናብ ቢመጣ ይበላሻል፣ ቢቆይ ይረግፋል፤ ስለዚህ የሁሉም ማሳ በአንድ ጊዜ ሠራተኛ ይፈልጋል፣ የቀን ክፍያውም ከሳምንት ሳምንት ይወጣል። በዚያ ሰሞን ገበያው ራሱ ከማንኛውም ወለል በላይ ሊከፍል ይችላል። በሐምሌና በነሐሴ ነገሩ ይገለበጣል። የአረም ሥራ አለ፤ ግን የቀን ሠራተኛው ቤት ጎተራው ባዶ ነው፣ የእህል ዋጋ ከፍ ብሏል፣ ሰውየው የሚጠይቀው የዕለት ጉርሱን ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ የሚቆረጠው ክፍያ የሥራው ዋጋ ሳይሆን የችግሩ ልክ ይሆናል። ወለል በዋናነት የሚያስፈልገውም ለዚህ ወቅት ነው። ዋጋ በሚያጠኑ ባለሙያዎች ዘንድ ዘወትር የሚሠራው ስሕተት የአጨዳውን ወቅት ክፍያ ይዞ «የእርሻ ሠራተኛ ከፋብሪካ ሠራተኛ የተሻለ ያገኛል» ማለት ነው። በአረም ላይ የሚሠማሩት ብዙዎቹ ሴቶች መሆናቸውም አይዘንጋ፤ ለእኩል ሥራ እኩል ክፍያ የማግኘት መብታቸው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 የተጻፈ ሆኖ ሳለ፣ «የሴት ዋጋ» የሚባል የተለየ ተመን በብዙ ቦታ ያለ ነው።

አሁን ወደ ቁርጥ ሥራ፣ ማለትም በቀን ሳይሆን ለሥራው በሙሉ አንድ ዋጋ ተቆርጦ ወደሚሠራው እንምጣ፤ ወለሉን በዝምታ የሚያፈርሰው እሱ ነውና። ባለማሳው ሁለት ቃዳ ጤፍ አለው፤ ቃዳ በጎጃም የሄክታር ሩብ ነው። አራት ወጣቶች በቁርጥ ሊያጭዱለት መጥተዋል። ዋጋ ከመጥራታቸው በፊት ማሳውን ዳር ዳሩን ይዞሩታል፤ ከመካከላቸው ልምድ ያለው አንዱ ጥቂት ዘለላ ይቆርጥና በመዳፉ አሽቶ ይነፋዋል፤ የሚያየው ፍሬው እንዴት እንደ ደረቀ ብቻ አይደለም፣ ነፋስ የጣለው፣ የተኛው ጤፍ ከማሳው ምን ያህሉን እንደሚይዝም ጭምር ነው። በ3,600 ብር ተስማሙ እንበል። ጤፉ ቆሞ ከሆነ አራቱ በሦስት ቀን ይጨርሱታል፤ 12 የሰው ቀን ነውና ለእያንዳንዱ በቀን 300 ብር ይደርሰዋል። ተኝቶ ከሆነ ግን አምስት ቀን ይፈጃል፤ 20 የሰው ቀን ይሆንና የቀኑ ድርሻ 180 ብር ላይ ይወድቃል። ውሉ አንድ ነው፣ ማሳው አንድ ነው፣ ማንም ማንንም አላታለለም፤ ወለሉ 231 ብር ቢሆን ግን በመጀመሪያው ሕጋዊ፣ በሁለተኛው ሕገወጥ ክፍያ ተከፍሏል።

ለዚህ የተሞከሩ መፍትሔዎች አሉ። በብሪታንያ በምርት ብዛት የሚከፈለው ሠራተኛ የሠራበት ሰዓት ባለመመዝገቡ እንዳይጎዳ፣ አማካይ ሠራተኛ በሰዓት የሚያመርተው መጠን በፍተሻ ከተለካ በኋላ በዚያ የተሰላው የአንድ ፍሬ ዋጋ በ1.2 ይባዛል፤ ይህም ከአማካዩ ትንሽ የሚዘገየው ሰው ከወለሉ እንዳይወርድ ነው። በእኛ ሁኔታ የሚቀለው ለየሰብሉ፣ ለቆመና ለተኛ ማሳ ተለይቶ፣ አንድ ቃዳ ስንት የሰው ቀን እንደሚወስድ በየወረዳው አስቀድሞ ማውጣት ይመስለኛል። የግብርና ባለሙያዎች በየቀበሌው አሉ፤ ገበሬው ራሱም ይህን ስሌት በቃሉ ያውቀዋል።

ክፍያው ሁሉ በብር አለመሆኑም ነገሩን ያወሳስበዋል። የቀን ሠራተኛ ቁርስና ምሳ ይበላል፣ ጠላ ይቀርብለታል። ለዓመት የሚቀጠረው ደግሞ ከባለቤቱ ቤት እየበላ፣ እየለበሰ፣ በመጨረሻ የተስማሙበትን ኩንታል እህል ይወስዳል፤ እረኛ ሆኖ የሚገባ ልጅ ከሆነ ክፍያው አንዲት ጥጃ ወይም በግ ሊሆን ይችላል። አዋጁ ደመወዝ በጥሬ ገንዘብ እንዲከፈል ያዛል፤ ተዋዋዮቹ ከተስማሙ በዓይነትም ሊሆን ይችላል፣ ነገር ግን ግምቱ ከአካባቢው የገበያ ዋጋ ሊበልጥ አይችልም፣ በምንም ዓይነት ደግሞ በጥሬ ገንዘብ ከሚከፈለው ከ30 በመቶ ማለፍ የለበትም። በጥሬው 300 ብር የሚከፈለው ሰው በዓይነት ሊታሰብበት የሚችለው ቢበዛ 90 ብር ነው። በዚህ መለኪያ የዓመት ቅጥሩ ልማድ ከሕጉ ጋር ፊትና ጀርባ ነው፤ ብሩ ጥቂት፣ እህሉ ብዙ ነውና። እዚህ ላይ ግን ልማዱን ብቻ መውቀስ አይገባም፤ የብር የመግዛት አቅም በሚወርድበት ጊዜ ሁለት ኩንታል ጤፍ ሁለት ኩንታል ጤፍ ነው፤ ያው መጠን በጥር በብር ተቆርጦ ቢሆን ኖሮ ለሐምሌ ሳይደርስ ይሟሟል። ቦርዱ ሊመልሰው የሚገባው ምግቡ ከወለሉ ውስጥ ይቆጠራል ወይስ ከወለሉ በላይ ነው የሚለውን ነው። ደቡብ አፍሪካ ለእርሻ ሠራተኞች ባወጣችው ደንብ ለምግብና ለመኖሪያ የሚቀነሰው እያንዳንዱ ከደመወዙ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ወስናለች። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1951 ለእርሻ ብቻ ባወጣው የዝቅተኛ ደመወዝ አወሳሰን ስምምነት ቁጥር 99 ደግሞ በዓይነት የሚሰጠው ነገር ለሠራተኛውና ለቤተሰቡ የሚጠቅም፣ ግምቱም ተገቢ እንዲሆን ይጠይቃል።

ቀጣሪው ማን ነው የሚለው ከዚህ ያላነሰ ከባድ ነው። ወንፈልና ደቦ ቅጥር አይደሉም፤ ዛሬ የእኔን ነገ ያንተን የሚባባሉበት የጉልበት ብድር ስለሆነ ወለል አይነካቸውም፣ ሊነካቸውም አይገባም። ሰፋፊዎቹ የንግድ እርሻዎች ደግሞ በሌላው ጫፍ አሉ፤ የደመወዝ መዝገብ፣ የሒሳብ ሠራተኛ፣ ቋሚ አስተዳደር ስላላቸው ቁጥጥሩ ይቻላል። በመካከል ያለው ሰፊው ክፍል ግን ራሱ የሁለት ሄክታር ገበሬ ሆኖ በኅዳር ለአራት ቀን ሦስት ሰው የሚቀጥረው ነው። አሠሪ የሚለው የአዋጁ ትርጉም አንድ ሰውም ቢሆን የሚቀጥረውን ያጠቃልላልና ይህ ገበሬ ከሕጉ ውጭ አይደለም። ነገር ግን የማዳበሪያ ዕዳ ያለበት፣ በቆሎውን በታኅሣሥ በወረደ ዋጋ የሚሸጥ፣ ምናልባትም በሌላ ሳምንት እሱ ራሱ ወይም ልጁ ለሌላ ሰው በቀን የሚሠራ ነው። ለእሱና ለትልቁ እርሻ አንድ ቁጥር ሲወጣ፣ ትልቁ ከትርፉ ይከፍላል፤ ትንሹ ወይ ቤተሰቡን ያሰልፋል፣ ወይ ከቅጥር ወደ እኩል፣ ማለትም ምርቱን ተካፍሎ ወደ ማሳረስ፣ ያዞረዋል። የእኩል አራሽ ደግሞ ደመወዝተኛ ስላልሆነ ወለሉ አያገኘውም።

በዚህ ላይ አንድ የታሪክ ጉዳይ መጨመር አለበት። የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው የየካቲት 1967 አዋጅ፣ አቅም ከሌላቸው ሴቶች፣ ከሕመምተኞች፣ ከአረጋውያንና ከመሳሰሉት በቀር በይዞታ መሬት ላይ ሰው ቀጥሮ ማሳረስን ከልክሎ ነበር፤ ክልከላው የተነሣው በ1982 ዓ.ም. በታወጀው የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ነው። ከአሥራ አምስት ዓመት ክልከላ በኋላ የተመለሰው የእርሻ ቅጥር መዝገብም ማኅበርም ሳይኖረው በቃል ውል ነው የቀጠለው።

በመተማና በሁመራ ያለው ቅጥር ደግሞ በአብዛኛው በካቦ በኩል ያልፋል። ካቦው ከጎጃም ከተሞች ሠራተኛ ሰብስቦ ያደርሳል፣ ሥራውን ያስተባብራል፣ ገንዘቡንም ብዙ ጊዜ እሱ ያከፋፍላል። ክፍያው ሲጎድል ባለሀብቱ «ለካቦው ከፍያለሁ» ይላል፤ ካቦው ደግሞ በሚቀጥለው ቀን የለም። የትኛውም ወለል በዚህ ሰንሰለት ውስጥ እንዲሠራ ከተፈለገ ባለእርሻውና ካቦው ለክፍያው በአንድነት ተጠያቂ መሆናቸው በግልጽ መጻፍ አለበት። በቆላው ሠራተኛው ከገንዘቡ ሌላ ወባንና ካላዛርን ጭምር ተጋፍጦ እንደሚመለስም የክፍያው ስሌት ሊያስታውሰው ይገባል።

ወለል ሥራ ያጠፋል ወይ የሚለው ክርክር በጥሞና ሊታይ የሚገባው ነው። ደቡብ አፍሪካ ለእርሻ ሠራተኞች የመጀመሪያውን ወለል እ.ኤ.አ. በ2003 (በዚህ አንቀጽ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ሥራ ላይ ስታውል የሠራተኛው ክፍያ በእርግጥ ከፍ ብሏል፤ ጉዳዩን ያጠኑ ተመራማሪዎች ግን የተቀጣሪዎቹ ቁጥር መቀነሱንም አግኝተዋል። በ2012 በምዕራብ ኬፕ የወይን እርሻዎች ትልቅ አድማ ተነሣ፤ በመጋቢት 2013 የቀኑ ወለል ከ69 ራንድ ወደ 105 ራንድ፣ ማለትም በግማሽ ያህል በአንድ ጊዜ ዘለለ። አገር አቀፉ ወለል በ2019 ሲጀመር ለሌላው ሠራተኛ በሰዓት 20 ራንድ ሲሆን ለእርሻ 18 ራንድ ነበር፤ በ2021 ግን እኩል ሆነ። ከዚህ የምረዳው ለዓመታት ዝቅ አድርጎ ይዞ ድንገት ከማዝለል ይልቅ በየዓመቱ በትንሽ በትንሹ መከለስ ለሁለቱም ወገን እንደሚሻል ነው። የእርሻ ሠራተኛን ወደ ኋላ መተው ግን የደቡብ አፍሪካ ብቻ አይደለም፤ አሜሪካ በ1938 የደመወዝ ወለል ስታወጣ የእርሻ ሠራተኞችን ከሕጉ ውጭ አድርጋቸው ነበር፣ ከፊሎቹን ያስገባቻቸው በ1966 በተደረገው ማሻሻያ ነው። ሕንድ በአንጻሩ የ1948ቱን ሕጓን ስታወጣ እርሻን ከመጀመሪያው ዝርዝር ውስጥ አካትታ፣ ተመኑን ለየክልሎቿ ተወችው።

የክልሎች ጉዳይ ለእኛም የሚሆን ነው። የጤፍ ዋጋ፣ የሥራው ወቅትና የበዓሉ ብዛት በደጀንና በሁመራ አንድ አይደለም፤ ባለፉት ዓመታት ደግሞ በግጭት ሳቢያ መንገድ ሲዘጋ የሠራተኛ ፍሰቱም አብሮ ይቆማል፣ የአንዱ ወረዳ ክፍያ ሲሰቀል የሌላው ይወርዳል። አዲስ አበባ የሚቀመጥ ቦርድ አንድ ዝቅተኛ መነሻ አውጥቶ የወረዳ ልዩነቱን ለክልሉ ቢተው ከእውነታው ይቀርባል። ከዚያ በፊት ግን በቦርዱ ወንበር ላይ ለእርሻ ሠራተኛው የሚናገር ማን ነው? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ማኅበር የማቋቋም መብት ያላቸውን ሲዘረዝር የእርሻ ሠራተኞችንና ሌሎች የገጠር ሠራተኞችን በስም ጠርቷል፤ አዋጁም አሥር ሠራተኞች ካሉ ማኅበር መመሥረት እንደሚቻል ይፈቅዳል። በሰፋፊ እርሻዎች ይህ ሊሆን ይችላል። ለአራት ቀን የሚቀጠረው አጫጅ ግን አሥር ሰው ይዞ ለመመዝገብ ጊዜም አድራሻም የለውም፤ ስለዚህ ቦርዱ የፋብሪካ ማኅበራትን ተወካይ ብቻ ይዞ ከተቀመጠ ከላይ የተዘረዘሩት የቀን፣ የቁርጥና የምግብ ጥያቄዎች ሳይነሡ ያልፋሉ።

ወለሉ እስኪወጣ ድረስ የሚሠሩ ነገሮች መኖራቸውን ማወቅ ይጠቅማል። የቃል ውልም ውል ነው፤ አሠሪው ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ የቅጥሩን ዋና ዋና ነገሮች የያዘ የተፈረመ ወረቀት በ15 ቀን ውስጥ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይቀጠርም፤ ከ15 እስከ 18 ያለው በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም። ያልተከፈለ ደመወዝንና የትርፍ ሰዓት ክፍያን መጠየቅ የሚቻለው ደግሞ ክፍያው መከፈል ከነበረበት ቀን አንሥቶ በስድስት ወር ውስጥ ነው፤ በጥቅምት ከሰሊጥ አጨዳ ገንዘቡን ሳይቀበል ወደ አገሩ የተመለሰ ሰው በሚያዝያ ይርጋው ይሞላበታል።